ስለ ሊማሊሞ መንገድና ስለ ነጂዎቹ ድካም

በየቤታችን ከማዕድ ቀርበን እንጀራ ስንቆርስ፣ ዘርቶ ያጨደውን ገበሬ እናመሰግናለን፤ ፈጭታና አቡክታ የጋገረችውንም እናመሰግናለን፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ያን እህል ከአውድማው አጠገብ ተረክቦ፣ ዳገት አውጥቶና ገደል አውርዶ ከከተማ ያደረሰ ሰው መኖሩን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይህ ሰው ሾፌሩ ነው። ሌላው ሲተኛ እርሱ ተነሥቶ መሪ ይጨብጣል፤ ሌላው ለበዓል ከዘመዶቹ ጋራ ሲሰበሰብ እርሱ በመንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት የሚሄደውን መንገድ ተከትለን፣ በዚያ የሚሠሩትን ነጂዎች ኑሮ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አሰብን። ነገሩ የሾፌሮችና የባለመኪናዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ እናት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ነጋዴና ተሳፋሪ የሆነ ሁሉ በዚህ መንገድ ደኅንነት ላይ ድርሻ እንዳለው ከዚህ በታች ከምንጽፈው ይታያል።

ጉዞው ከጎንደር ይጀመራል። መናኸሪያው ሌሊት በ11 ሰዓት፣ ገና ሳይነጋ፣ በሰው ይሞላል፤ ረዳቶቹ «ዳባት! ደባርቅ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ጭነት ወደ ጣራ ይወጣል፤ ሻይ የሚሸጡ ሴቶች በየማዕዘኑ እሳት ያነድዳሉ። ሾፌሩ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ዝም ብሎ መኪናውን ይዞራል። ጎማውን በእግሩ ይመታል፤ ድምፁን ሰምቶም ነፋሱ መጉደል አለመጉደሉን ያውቃል። የሞተሩን ዘይትና የራዲያተሩን ውሃ ይመለከታል፤ መብራቱን አብርቶ ያጠፋል፤ ጎንበስ ብሎም ከመኪናው ሥር ሲንጠባጠብ ያደረ ነገር እንዳለ ይመረምራል። መኪናው የአየር ፍሬን ያለው እንደ ሆነ፣ ሞተሩን አስነሥቶ አየሩ እስኪሞላ ድረስ ይታገሣል። ይህ ሁሉ ሥራ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ይሁን እንጂ ከተሳፋሪው ዘንድ «ኧረ እንሂድ! ምን ያስቆመናል?» የሚለው ድምፅ የሚነሣው በዚሁ ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው።

እኛ በተሳፈርንበት ቅጥቅጥ አውቶቡስ አንዲት አሮጊት ሁለት ዶሮ ይዘው ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጠው ነበር።

«ልጄ፣ አደራህን፤ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት።

«እኔስ ቀስ ማለት እወዳለሁ፣ እማማ፤ የሚያስቸኩለኝ ከኋላ የተቀመጠው ነው» ብሎ መለሰላቸው። ሰዎቹም ሳቁ፤ እርሱ ግን አልሳቀም።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ መንገዱ በጠቅላላው ሽቅብ ነው። ኮሶዬ ሲደርሱ ቆላው ከገደሉ ሥር ወለል ብሎ ይታያል፤ አምባ ጊዮርጊስን ሲያልፉ የወገራ ደጋ ይዘረጋል። በመኸር ወራት ስንዴው፣ ገብሱና ባቄላው ግራና ቀኝ ይተኛል፤ ጋቢውን የተከናነበ ገበሬ አህዮቹን እየነዳ በመንገዱ ዳር ይሄዳል። የሾፌሩ ሐሳብ በዚህ ሜዳ ላይ የሚያርፍ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አህያ፣ በግና ሕፃን ሳይታሰብ መንገድ የሚያቋርጡት በዚህ ስለ ሆነ፣ ልምድ ያለው ነጂ ሜዳውን ከገደሉ ባልተናነሰ ይፈራዋል። ገደልን ሰው ሁሉ ይጠነቀቀዋል፤ ሜዳ ግን ያዘናጋል።

ዳባት ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ሾፌሮች ቁርሳቸውን የሚበሉት፣ ጎማቸውን ለጎሚስታ የሚያሳዩት፣ ስለ ፊት ለፊቱ መንገድም ከሚመለሱት ባልንጀሮቻቸው ወሬ የሚጠይቁት እንዲህ ባሉ ከተሞች ነው። «ወደ ላይ ጉም አለ ወይ? ዝናቡስ ዐፈር አውርዷል ወይ?» ይባባላሉ። ይህ የእርስ በርስ መጠያየቅ ዕለት በዕለት የሚታደስ ማስታወቂያ ነውና፣ ሳይጠይቅ የሚያልፍ ሾፌር በባልንጀሮቹ ዘንድ እንደ ኩሩ ይቈጠራል።

የጭነት መኪኖችም በዚህ መንገድ ላይ ባዶአቸውን የሚሄዱበት ጊዜ ጥቂት ነው። ወደ ላይ ዘይት፣ ስኳር፣ ሲሚንቶና ቈርቈሮ ይወጣል፤ ወደ ታች ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይወርዳል። እዚህ ላይ ስለ ክብደት አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባናል። 1 ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ስለዚህ 50 ኩንታል እንዲጭን የተፈቀደለት መኪና 70 ኩንታል ከጫነ፣ 2000 ኪሎ በፍሬኑ ላይ ተጨመረ ማለት ነው። ነጋዴው «ጥቂት ጨምርልኝ» ሲል የሚያየው ትርፉን ነው፤ ሾፌሩ ግን ያን ትርፍ በቁልቁለቱ ላይ በእግሩ ሊይዘው ነው።

ደባርቅ የደጋው መጨረሻ ከተማ ናት። በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመውና በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤቱ በዚህ ነው። ከ4500 ሜትር በላይ የሚነሣውን የራስ ዳሸንን አገር፣ ዋልያውን፣ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ደባርቅን ሳይረግጥ አያልፍም። ስለዚህ በከተማይቱ ሦስት ዓይነት ነጂ ይገኛል፤ አንዱ ሕዝብ ያመላልሳል፣ ሁለተኛው ጭነት ያጓጉዛል፣ ሦስተኛው እንግዶችን ወደ ሳንካበርና ወደ ተራራው ያወጣል። ሦስቱም ግን ስለ አንድ ስፍራ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ስፍራውም ሊማሊሞ ነው።

ሊማሊሞ ከደባርቅ በስተሰሜን ደጋው በድንገት ተቈርጦ ወደ ቆላ የሚወርድበት ገደል ነው። መንገዱ በገደሉ ፊት ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ፣ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ድብ ባሕርና ወደ ዛሪማ ይደርሳል፤ ከዚያም በአዲ አርቃይና በማይ ጸብሪ አድርጎ ተከዜን ተሻግሮ ወደ እንዳ ሥላሴ ይሄዳል። ከላይ የቆመ ሰው ከበታቹ የሚሄደውን ካሚዮን ሲመለከተው የሕፃን መጫወቻ ይመስለዋል፤ ጩኸቱም ከታየ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ከጆሮ የሚደርሰው። ላይ ብርድና ጉም ነው፤ ታች ሙቀትና አቧራ ነው። ሾፌሩ ጠዋት የለበሰውን ካፖርት ቀትር ላይ አውልቆ ከጋቢናው ይሰቅለዋል።

ይህ መንገድ የመኪና መንገድ ሆኖ የተሠራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን፣ ጎንደርን ከአሥመራ ጋራ ለማገናኘት ነው። የሠራው ለገዛ ጦሩ መመላለሻ እንጂ ለአገራችን ጥቅም አልነበረም። በገደሉ አናት ባለው በወልክፊት የጠላት ጦር መሽጎ ብዙ ወራት ከቆየ በኋላ፣ በአርበኞቻችንና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ጠላት ወጣ፤ መንገዱ ግን ቀረ። ከመንገዱም ጋራ የሥራው ቃል ቀረ፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጋቢና፣ ታኮ፣ ቢያጆ የሚሉት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። አገሬው «ትሬንታ ኳትሮ» ብሎ የሚጠራው ፊያት 634 እና ከእርሱ በኋላ የመጣው «ኤን ትሬ» የሚባለው ፊያት የብዙ አባቶችን እጅ አሠልጥነዋል። ዛሬ አይሱዙና የቻይናው ሲኖትራክ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ገደሉ ግን ያው ነው፤ የሚጠይቀውም ትዕግሥት አልተለወጠም።

ስለ አወራረዱ ሾፌሮቹን ብዙ ጠይቀናል። ሁሉም የሚስማሙበት ሕግ «ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁል ውረድ» የሚለው ነው። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ፍሬን በተረገጠ ቍጥር ሸራው ከታምቡሩ ጋራ ይፋተጋል፤ ፍትጊያውም ሙቀት ይወልዳል። ሙቀቱ ሳይበርድ ደጋግሞ ቢረገጥ፣ ሸራው መያዝ ይሳነዋል፤ ያን ጊዜ እግር ቢረግጥም መኪና አይሰማም። ማርሹ ዝቅ ብሎ የገባ እንደ ሆነ ግን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ እየጎተተ ይይዘዋል፤ ፍሬኑም ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ናፍጣ ለመቈጠብ ብሎ ማርሹን ነቅሎ በዝምታ የሚወርድ ሰው ጥቂት ብር አተረፍኩ ሲል ነፍሱን በመያዣ ሰጥቷል።

መውጣቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በደባርቅ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። ውሃም በባሕር ዳርቻ አገር በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በዚህ ከፍታ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚህ የተነሣ ጭነት የከበደበትና የራዲያተሩ ክዳን የላላ መኪና ዳገቱ መካከል ላይ ይፈላበታል። ብልህ ሾፌር ዳር ይዞ ያቆማል፤ ሞተሩ እስኪበርድም ክዳኑን አይከፍትም። ቸኩሎ የከፈተ ብዙ ሰው እጁና ፊቱ ተቃጥሏልና፣ ይህን የመኪና ባለቤት የሆነ ሁሉ ለልጁ ቢነግር መልካም ነው።

በጠባቡ መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች ሲገናኙ ደግሞ የሾፌሮች ጨዋነት ይታያል። ልማዱ የሚወርደው ለሚወጣው እንዲያሳልፍ ነው፤ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ የቆመ መኪና እንደገና ለመነሣት ይቸገራልና። በየጠመዝማዛው ጥሩምባ ይነፋል፤ በጉምም ጊዜ ቀን መብራት ይበራል። ሲተላለፉም እጅ ይነሣሣሉ፤ ረዳቱም በመስኮት ብቅ ብሎ «ከታች ድንጋይ ወርዷል፤ ተጠንቀቁ» ብሎ ያልፋል። በክረምት ዐፈር ተንዶ መንገድ ሲዘጋ፣ ከሁለቱም ወገን የቆሙት ሾፌሮች እህልና ውሃ ተካፍለው አብረው ያድራሉ፤ አካፋ ያለው አካፋውን ያወጣል፤ ከቶ «ይህ የእኔ መኪና አይደለም» የሚል አይገኝም።

ረዳቱን ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም መጀመሪያ ዘሎ የሚወርደው እርሱ ነው፤ በእጁም ታኮ የሚባለውን እንጨት ይዞ ከጎማው ሥር ይሸጕጣል። ያ እንጨት በጊዜው ካልደረሰ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ረዳት ጭነት ያስራል፣ ጎማ ይፈታል፣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ ሌሊት ከጭነቱ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። አንድ ጐልማሳ ሾፌር እንዲህ አጫወተን፤ «በረዳትነት በሠራሁበት ዘመን ጋሼ መሪውን አስይዞኝ አያውቅም ነበር። ‹መጀመሪያ ጆሮህ ይማር› ይለኛል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዐይኔን ጨፍኜ ሞተሩ በስንተኛ ማርሽ እንዳለ፣ ፍሬኑም መሞቅ አለመሞቁን በድምፁና በሽታው መለየት ቻልኩ። ያን ጊዜ መሪውን ሰጠኝ።» የመንጃ ፈቃድ ከትምህርት ቤት ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ዕውቀት ግን ከታላቅ ወደ ታናሽ በትዕግሥት የሚተላለፍ ነው።

በቅርብ ዘመን በዚህ መንገድ ላይ የደረሰውም መከራ ሊዘነጋ አይገባውም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ከጎንደር ወደ እንዳ ሥላሴ የሚያልፈው መንገድ ለነጋዴና ለመንገደኛ ተዘጋ፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተከዜው ድልድይ ፈረሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ወረዳዎች ደርሶ፣ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላም፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ ብዙ መንገዶችም በየጊዜው ተዘግተዋል፤ ሾፌሮችና ተሳፋሪዎች ታግተው ገንዘብ ሲጠየቅባቸው በተደጋጋሚ ተሰምቷል። ለሾፌር የተዘጋ መንገድ የቆመ ደመወዝ ነው፤ የተከፈተ መንገድም ሰላም ከሌለው የከፋ ነው። እነዚህ ሰዎች ከገደሉ ጋራ መታገል የለመዱ ናቸው፤ ገደል ግን ያለበት ይታወቃል።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር በዚያ ነውና። የሾፌር ሚስት የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ የምትለይ ናት። ባሏ ሲወጣ ስንቁን ታሰናዳለች፤ ከወጣም በኋላ ልጆቹን፣ ገበያውን፣ የታመመውን ዘመድ ለብቻዋ ትይዛለች። ልጆቹም አባታቸውን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ ሲተኛ ወይም ሲነሣ ነው። ሲመለስም ቤቱ ብዙ ነገር አከማችቶ ይጠብቀዋል፤ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ወጪ፣ የጎረቤት ክርክር። ይህ ሁሉ መነገር ያለበት ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ይተኛ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይኑን ገልጦ ያንቀላፋል፤ ሊማሊሞ ላይ ደግሞ አንድ ቅጽበት ማንቀላፋት ይበቃል። እንቅልፍን በጫት ለማባረር የሚሞክሩ አሉ፤ ይህ ዕዳን በሌላ ዕዳ እንደ መክፈል ያለ ነው፤ የተባረረው እንቅልፍ ኋላ አበድሮ እንደ ቆየ ሰው ድንገት ይመጣል።

ደግሞ ስለ ስልክ እናሳስባለን። በጥንት ጊዜ የሾፌር ቤተ ሰብ ወሬ የሚሰማው ከሌላ ሾፌር ነበር፤ ዛሬ ስልክ በየኪሱ አለ። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን «የት ደረስክ?» ብሎ በየሰዓቱ መደወል ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም አደጋ ይጠራል። የተሻለው አንድ ጊዜ መስማማት ነው፤ ደባርቅ ሲደርስ ይደውል፤ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሲያቆም ይደውል፤ በመካከሉ ግን ቤቱ ዝም ይበል።

ለባለመኪናዎችም የምንለው አለ። ደመወዙ በቢያጆ ብዛት የሚቈጠርለት ሾፌር ቀስ ብሎ ቢነዳ የልጆቹን እንጀራ ይቀንሳል። እንግዲህ ቀስ እንዲል የሚመክረው ሰው፣ ቀስ ብሎ መኖር የሚችልበትን ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል መሆኑን ገልጿል። ይህን ቍጥር ስናነብ ጥፋቱን ሁሉ በመሪው ላይ በተቀመጠው ሰው ላይ ለመጣል እንቸኩላለን። ያለ ጥርጥር የሚያጠፋ ሾፌር አለ፤ ሊቀጣም ይገባል። ነገር ግን ከብዙ ፍጥነት በስተኋላ ትርፍ የጫነ ነጋዴ፣ ቢያጆ የሚቈጥር ባለንብረት፣ ሰዓት የሚያይ ተሳፋሪ ይገኛል። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ በገደል ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ስለዚህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ በዚህ መንገድ ለመሄድ ዕድል ያጋጠማችሁ እንደ ሆነ፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ከደባርቅ ወጥታችሁ ሊማሊሞ አናት ላይ ስትደርሱ፣ ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ ሊወርድ ይችላል። ጎማውን ይዞራል፤ እጁን ወደ ታምቡሩ ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን ይለካል፤ ረዳቱ ታኮውን ይሸጕጣል። ያን ጊዜ ማንም «ምን ያስቆመናል?» አይበል። ወርዳችሁ ቆላውን ተመልከቱ፤ ጭላዳዎቹ በገደሉ አፋፍ ሣር ሲነጩ እዩ፤ ለሾፌሩም ትኩስ ሻይ ካላችሁ አካፍሉት። በዚያ የምትሰጡት አሥር ደቂቃ፣ ታች በዛሪማ፣ በአዲ አርቃይና ከዚያም ወዲያ በየቤታቸው ለሚጠብቁ ሰዎች የምትልኩት ስጦታ ነው።